እርሳስ የሚይዘው ገለባ

ጆሮውን ለሚሰጠኝ ወጌን ልስጠው፤ ሰምቶ ማስተዋሉንም ፈጣሪ ያድለው።

የሻረግ የምትባል እናት ሴት ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ፈለገች። ወደ መምሬ ጥዑመ ልሳን ሄዳ መስቀል ከተሳለመች በኋላ፣ «አባቴ፣ ነገ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ልጄን ያጥምቁልኝ» አለች።

«በደስታ፣ ልጄ! ነገር ግን ከላይኛው የማዕድን ጉድጓድ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ወርዶ ምንጩ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለውን ውኃ በሕፃን አፍ ላይ አላፈስም።»

ወደ ውኃው ሄደች። «ውኃ፣ ጥራ፤ መምሬ ልጄን ያጥምቁ።»

«እርሳሱ ካልለቀቀኝ አልጠራም።»

ወደ እርሳሱ ዞረች። «እርሳስ፣ ውኃውን ልቀቅ፤ ውኃው ይጥራ፤ መምሬ ልጄን ያጥምቁ።»

«የሚይዘኝ ሳይኖር ወዴት ልሂድ? ገለባውን ለምኚ።»

ገለባው ሽፈራው የሚባለው ዛፍ ፍሬ ገለባ ነው፤ ታቹ በተበሳ ማሰሮ ተጠቅጥቆ ውኃ ያጣራል። «ገለባ፣ እርሳሱን ያዝ፤ እርሳሱ ውኃውን ይልቀቅ፤ ውኃው ይጥራ፤ መምሬ ልጄን ያጥምቁ።»

«አልችልም።»

«እንግዲያ ጥዬህ አዲስ ልፈልግ!»

«ኧረ አትጣዪኝ! እርሳስ ጠግቤ ነው እንጂ አርጅቼ አይደለም። ሎሚ ይጠበኝ፤ የያዝሁትን ለቅቄ ደግሜ እይዛለሁ።»

«ሎሚ፣ ገለባውን እጠብ፤ ገለባው እርሳሱን ይያዝ፤ እርሳሱ ውኃውን ይልቀቅ፤ ውኃው ይጥራ፤ መምሬ ልጄን ያጥምቁ።»

«እኔስ በወደድሁ! ጎረቤትሽ እትዬ ዘርትሁን የጓሮውን በር ዘግተውብኛል።»

የሻረግ ከአጥሩ ሥር ቆመች። «እትዬ፣ በሩን ይክፈቱ፤ ሎሚው ገለባውን ይጠብ፤ ገለባው እርሳሱን ይያዝ፤ እርሳሱ ውኃውን ይልቀቅ፤ ውኃው ይጥራ፤ መምሬ ልጄን ያጥምቁ።»

«በሩ ዝጎ አልከፈት ብሏል።»

«ትናንት ፍየልዎ ስትወጣ ተከፍቶ አልነበር?»

«ዛሬ ዛገ! ምጥ ሲይዝሽ ወገብሽን የደገፍሁት እኔ፤ ክርስትና እናት እንድትሆን የምትለምኛት ግን ያችን ባለ ጃንጥላ ሀብታም ነው አሉ!»

የሻረግ አቀረቀረች። «አስቤ ነበር፤ አልለመንኋትም። የደገፉኝን መርሳቴ ነው፣ እትዬ። እርስዎ ያቅፉልኝ።»

በሩ ሲጥ እንኳ ሳይል ተከፈተ።

እትዬ በሩን ከፈቱ፤ ሎሚው ገለባውን አጠበ፤ እጣቢው እርሳስ ስላለበት በጋን ታሽጎ በጭቃ ተመረገ፤ ገለባው እርሳሱን ያዘ፤ እርሳሱ ውኃውን ለቀቀ፤ ውኃው ጠራ። በማግሥቱ መምሬ ሕፃኗን አጠመቁ፤ እትዬ ዘርትሁንም አቅፈው ተቀበሏት።

ገለባው ግን አልተጣለም። ዳግመኛ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፤ ለሚቀጥለው ሕፃን ይጠብቃል።

ወጌ ወደ ምንጩ ተመለሰ፤ እናንተንም ጥሩ ውኃ አያሳጣችሁ።