ይቺ ለወፏ

አንዲት አሮጊት ነበረች። ባቄላ ነበራት።

ተቀመጪ ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «አባ፣ አያቴ ሞተች፤ እንዳትጠፋብኝ ምን ላድርግ?» ነው ያልሽኝ። ያንን የቤቷን ቁልፍ ማሻሸቱን ተዪና ስሚኝ።

የአሮጊቷ ባቄላ እንደ ሌላው ሰው ባቄላ አልነበረም። ደቃቅ ነው፣ ቀላ ይላል፣ ውርጭ አይደፍረውም። በኅዳር የሰው ማሳ ሁሉ ጠቁሮ ሲያድር፣ የሷ ጠሉን አራግፎ ቆሞ ይገኛል። እሸቱማ! አሁን ጥርስ የለኝም እንጂ ያንን ጣዕም ምላሴ አልረሳውም።

በየዓመቱ ከአዝመራው መልካም መልካሙን እየመረጠች፣ እንዳይነቅዝ ከአመድ ጋር ለውሳ በእንስራ ታስቀምጣለች፤ የእንስራውን አፍ በእበት ትመርገዋለች። ሰኔ ሲገባ መንደርተኛው እንቅቡን ይዞ ደጇ ይሰለፋል። አንድም ሰው ከልክላ አታውቅም። ሁለት እፍኝ ሰፍራ ትሰጥሃለች። አበቃ ብለህ ልትነሳ ስትል ሦስት አራት ፍሬ ጣል ታደርግልህና «ይቺ ለወፏ» ትልሃለች። ወፍ ለቅማ የምትወስደውን እንኳ አስባ ነበር የምትሰጠው። እኛ በልባችን እንስቅባት ነበር። ዛሬ ያቺን ቃል ከአፏ መስማት እንዴት ያምረኛል!

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? እሷ አለች ብለን ዘር ማስቀመጥ ተውን። እሸቱን ፈልፍለን፣ ደረቁን ቆልተን፣ የተረፈውን ክክ አድርገን እንጨርሰዋለን። ሰኔ ሲመጣ እንደገና ደጇ ነን።

ደጇን የማትረግጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም የአጥር ጎረቤቷ ናት። አንድ ጊዜ የዚህች ሴት ዶሮዎች የአሮጊቷን የባቄላ መደብ ጫሩባት። በዚያ ተነሥተው ክፉ ቃል ተለዋወጡ። ሁለቱም እልኸኞች ነበሩና አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ቀሩ። ሊያስታርቁ ከገቡት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ አንዷ በፊት በር፣ አንዷ በጓሮ በር አባረረችኝ።

አንድ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አሮጊቷ ታመመች። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። እኔ የማውቃት ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ ነው፤ ወይ ስትዘራ፣ ወይ ስትለቅም። ቀና ብላ ተዘርግታ ሳያት ቁመቷ ገረመኝ። ለካ ረጅም ሴት ነበረች።

ለቀስተኛው ከየአገሩ ጎረፈ። ሐዘኑ ሳያባራ ንፍሮው አለቀ። ያሳደገቻት የልጅ ልጇ ነበረች፣ ለቀስተኛውን የምታስተናግድ። «በእሷ ለቅሶ ላይ ንፍሮ ጠፋ ሊባል ነው?» አለችና እንስራውን አወረደች። የተመረገውን እበት ሰበረች፣ አመዱን አጥባ ባቄላውን ቀቀለችው። ክፋት አልነበረባትም፤ አያቷን ልታከብር ነው። ካሉት ሰዎች ደግሞ ዘር ነው ብሎ እጇን የያዘ የለም። ሁላችንም ዘገንን። እኔማ ሁለተኛ ዘግኛለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጣፋጭ ነበር።

ያቺ ጎረቤት ለቅሶውን መጥታ ነበር። የደረሳትን ንፍሮ በመዳፏ አገላብጣ አየችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ ሳትቀምስ ሄደች። «እዩዋት፣ ሙትን ሳይቀር ትቀየማለች» ብለን አማናት።

ሰኔ ገባ። እንደ ልማዳችን እንቅባችንን ይዘን ደጇ ተሰለፍን። የልጅ ልጇ እጇን እንስራው ውስጥ ሰደደች። አመድ ዘግና አወጣች። ያኔ ገባት። እኛንም ያኔ ገባን። «ከእናንተ ያስቀረ የለም?» ብላ አንድ በአንድ ጠየቀችን። ሁላችንም ባዶ እንቅባችንን አሳየናት። ያ የአሮጊቷ የዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ በሆዳችን አልቋል።

ልጅቷ እንቅቧን አነሣችና አጥሩን ዞራ ንፍሮውን ሳትቀምስ ወደ ሄደችው ጎረቤት አመራች። እኔም ጥፋቴን አውቄ ከኋላዋ ተከተልኩ።

«እትዬ፣ የአያቴን ዘር አጠፋሁት» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«አላጠፋሽውም፤ ግቢ» አለች ሴትዮዋ። «ከመጣላታችን በፊት የሰጠችኝ አለ። ከተጣላን ወዲያ በምን ፊቴ ሄጄ ልጠይቃት? በየዓመቱ ከራሴ እየመረጥኩ አስቀመጥኩት። በለቅሶው ዕለት ንፍሮውን ሳየው ዘሩ መሆኑን አወቅሁ። ግን አንዴ በስሏል፤ ለሐዘንተኛ ምን ይባላል?»

አመዱን አራግፋ ሁለት እፍኝ ሰፈረችላት። ልጅቷ አመስግና ልትነሳ ስትል ሴትዮዋ ሦስት አራት ፍሬ ጣል አደረገችና «ይቺ ለወፏ» አለች።

ማለቷን ራሷም ያወቀችው አይመስለኝም። ልጅቷ ግን እንቅቡን እንዳቀፈች ቁጭ አለች። በቀብሩ ዕለት ከሰው ጋር አልቅሳ ነበር፤ ያን ዕለት የራሷን ለቅሶ አለቀሰች። ሴትዮዋም አጠገቧ ተቀምጣ አሥራ አንድ ዓመት ያቆየችውን አለቀሰች። እኔ ዞር ብዬ ዶሮዎቹን አየሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ አሮጊቷ ራሷ ያስቀመጠችው በአንድ ቀን ተበላ። ከእጇ አውጥታ የሰጠችው ነው የተገኘ፤ ያውም በተጣላቻት ሴት ቤት። አንቺም የአያትሽን ቤት እንዳለ ቆልፈሽ፣ ቁልፉን ይዘሽ እኔ ዘንድ መጣሽ። ቀሚሷ እንደተሰቀለ ነው፣ ማበጠሪያዋ እንደተቀመጠ ነው። ብል ይበላዋል ልጄ። ብል ቁልፍ አያግደውም።

አያትሽን እኔም አውቃታለሁ። ለመስቀል ዋዜማ የዚህን አገር ሴት ልጅ ሁሉ ደጇ ላይ በተራ አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራ ነበር። የሹሩባ አሠራሩን ላንቺ እንዳስተማረችሽም አውቃለሁ፤ በገዛ ራስሽ ላይ ሠርተሽው አይቻለሁ። ሂጂና ቤቱን ክፈቺው። በርጩማዋን ደጅ አውጪና ማበጠሪያዋን ይዘሽ ተቀመጪ፤ ልጆቹ ራሳቸው ይመጣሉ። አያትሽ የመጨረሻዋን ጉንጉን ስትቋጭ ጆሮሽ ሥር የምትልሽ ነገር ነበራት አይደል?

ለእኔ አትንገሪኝ። ለመጀመሪያዋ ልጅ ንገሪያት።