ለለቅሶ የተመረገ ግድግዳ

አንዲት ሴት ነበረች። ደጋ አገር፣ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት በሚያድርበት ከተማ ዳር ትኖር ነበር። ባሏ ሞቷል። የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ስንዱ ትባላለች፤ ደረቷን ያማታል። ጤና ጣቢያ ብትወስዳት ነርሷ ምን አለቻት? «መድኃኒቱን ስጫት፤ ግን ብርድ እንዳይመታት። አደራሽን፣ ብርድ እንዳይመታት!»

ቤቷን ላሳያችሁ። የጭቃ ቤት ነው። ምርጊቱ ረግፎ እንጨቱ አፍጥጧል። ባሏ በሕይወት ሳለ ክረምት በወጣ ቁጥር ጭቃ ከጭድ አቡክቶ ይመርገው ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ የነካው የለም። በስንጥቁ እጅ ይገባል። ነፋሱ በአንዱ ጎን ይገባና ቤቱን ዞሮ ዞሮ በሌላው ይወጣል። ኩራዝ ስታበራ ነበልባሉ አንድ ቀን እንኳ ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም።

እንግዲህ ይህች ሴት ምን ታድርግ? ከሰል ታነዳለች። ለበርበሬ ያለችው ለከሰል ይሄዳል፤ ለልጇ ጫማ ያለችው ለከሰል ይሄዳል። ሙቀቱስ የት ሄደ? ሜዳ ነዋ! ሜዳውን ስታሞቅ ከረመች፣ ወገኖቼ። ልጇ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች።

የደብሩ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ታሪክ ባልነገርኳችሁ። ከሰል ሰጧት። በበዓል ቀን፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ የከሰሉን ማዳበሪያ ዐውደ ምሕረቱ ላይ አቁመው፣ በእልልታ ሰጧት። ፎቶም ተነሡ። እሷም ጎንበስ ብላ አመሰገነችና የእድሩን ዳኛ ጋሽ ንጋቱን ጠጋ አለቻቸው።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጭቃ የሚያቦካልኝ ሰው ባገኝስ? ጭዱን እኔ ለምኜ አመጣለሁ። ግድግዳዬ ቢደፈን ይቺው ከሰል ትበቃኝ ነበር።»

«ምን ችግር አለው ዘነቡ እህቴ! ወንዶቹን እነግራቸዋለሁ። ቅዳሜ መጣን በይ!»

ቅዳሜ ሠርግ ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ንጋቱ ገበያ ወጡ። ከዚያ ደግሞ አጨዳ ደረሰ። ከሰሉ ግን አልተቋረጠባትም! ለምን ይቋረጣል? ከሰል መስጠት ልብስ አያቆሽሽማ። ጭቃ ማቡካት ግን ጫማ ማውለቅ አለው፤ ሱሪ ሰብስቦ በዚያ ውርጭ ውስጥ እግር መንከር አለው። ለዚያ ደግሞ እልል የሚል የለም።

ታኅሣሥ ላይ ስንዱ ሞተች።

አሁን ስሙኝ። እድሩ ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ። ጋሽ ንጋቱ ቤቱን ዞረው አዩና ጮኹ። «ኧረ ጉድ ነው! ለቀስተኛ ከየአገሩ ሊመጣ፣ በዚህ ግድግዳ ሊታዘበን ነው? ወንዶች፣ ጭቃ!»

ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። ጭድ ያላመጣ የለም፤ ውኃ ያልቀዳ የለም። አጨዳም ገበያም የት እንደገባ እንጃ! እናቲቱ ከቀብር እስክትመለስ ግድግዳው ዙሪያውን ተመርጎ አለቀ።

ደግፈው አስገቧትና ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። ኩራዙ በርቷል። አየችው። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ንቅንቅ አይልም።

«ጋሼ» አለች፤ «ሥራዋ ይቺን ያህል ብቻ ነበረች እንዴ?»

ጋሽ ንጋቱ እጃቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ ሲፈቀፍቁ ቀሩ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ማጽናኛ ይዤ አልመጣሁም። ከየት ላምጣው? ይቺ እናት ያን ቀን ምን ብትባል ትጽናናለች? የሞተ ሰው ቤት ማሞቅ እናውቅበታለን። ደግሞ እንፈጥናለን! በቁም የሚንቀጠቀጠውን ግን ከሰል እንሰጠውና «እግዜር ያሙቅህ» ብለን እንሄዳለን። ሰጥተናላ! የሰጠነው በየስንጥቁ ሲወጣ ግን ማን ያያል?

እናንተስ? ጎረቤታችሁ ያለችው ያቺ ሴትዮ፣ በሯ ሥር ነፋስ እንደሚገባ አታውቁም? ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሥር የተኛውን ሽማግሌ አታውቁትም? ታውቁታላችሁ። «ቅዳሜ እንመጣለን» ብላችሁታል። የትኛው ቅዳሜ ነው?

አሁን ስጨርስ አሜን ትላላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ከዚያ የየራሳችሁን በር ዘግታችሁ ትተኛላችሁ፤ ይህንንም አውቃለሁ፤ የሚያስለቅሰኝም ይሄው ነው። ዛሬ አሜኑ ይቅርብኝ። ይህን ስናገር የአንድ ሰው ግድግዳ ፊታችሁ መጥቷል፤ አይደለም? ያ ሰው ገና በሕይወት አለ፤ ሲስል ይሰማችኋል። የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን ሳይወጣ፣ ሄዳችሁ ጭቃውን አቡኩለት።