አስሙን ለሐኪም፣ ፍርሃቱን ለሽማግሌ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ያለው አንድ በሬ ነው። ቢያድግልኝ የሚባለው ጎረቤቱም አንድ በሬ ብቻ ስለነበረው ሁለቱን ባንድ ቀንበር ጠምደው የሁለቱንም መሬት በየተራ ያርሱ ነበር። እንዲህ መቀናጆ ሆነው ብዙ ክረምት አሳልፈዋል፤ ቂም አያውቁም።

ገበሬውን አስም ያዘውና ጤና ጣቢያ ሄደ። ክኒን ሰጡት፤ ትንፋሹ ቀለለው። በዚያው ሰሞን ግን ልቡ ያለ ምክንያት ይደልቅ ጀመር። እርፍ የጨበጠ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ውሻ ሲጮህ ይበረግጋል፤ የዘጋውን በር ተመልሶ ያየዋል። የሚያሳድደው የለም፤ እሱ ግን እንደሚታደን አውሬ ጆሮውን አቁሞ ይውላል። ደረቱ በፍርሃት ሲጨንቀው ደግሞ አስሙ የተነሳ ይመስለውና ክኒን ይደግማል።

ወንድ ልጅ ፈራሁ ብሎ ጤና ጣቢያ አይሄድም። ስለዚህ አስሙን ለሐኪም፣ ፍርሃቱን ለሽማግሌ ነገረ። ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ሰው አልነበረም።

«ጠበል ግባ» አሉት ሽማግሌው። ጠበል የያዘ ሰው ክኒን አይቀላቅልም በሚባልበት አገር ነበርና ክኒኑን እቤት ትቶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ፣ ትንፋሹ ቢያጥረውም፣ ልቡ ረጋ። ደስ ብሎት ተመለሰ፤ እቤቱ ሲገባ ክኒኑን ዋጠ። በማግስቱ ፍርሃቱ ከደጃፉ ቆሞ ጠበቀው።

ገበሬው ግራ ገባው። እዚያ የለም፣ እዚህ አለ። ታዲያ እዚህ ያለው ምንድን ነው? ሚስቱን ጠረጠረ፣ ተወ። ቤቱ የተሠራበትን ቦታ ጠረጠረ፣ ተወ። ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ቢያድግልኝ በሬውን እየነዳ መጣ።

«ምነው ወንድሜ፣ ፊትህ ገረጣ? ቀንበሩን ዛሬ እኔ ልሸከመው?»

የገበሬው ልብ ድንግጥ አለ። መልሱን ያገኘ መሰለው፤ ጠበሉ ጋ ያልነበረው፣ እዚህ ያለው ቢያድግልኝ ነው።

እሁድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቆ፣ «ይህ ሰው አስደግሞብኛል» አለ። ቢያድግልኝ መጀመሪያ ሳቀ።

«አንተን ካስተኛሁ የኔ መሬት በምን ሊታረስ ነው? በድግምቱ?»

አብሮት የሳቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ማንም በሬውን ከቢያድግልኝ በሬ ጋር አልጠመደም። ሰው ክስ ሲሰማ ምስክር አይጠይቅም፤ ምስክር የሚጠራው ንጽሕናን እመን ሲሉት ነው።

ክኒኑ ሲያልቅ ገበሬው ጤና ጣቢያ ተመለሰ። እጁን ሲዘረጋ ነርሷ መንቀጥቀጡን አየች።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ጋሼ?»

«ተዪው ሲስተር፤ እሱ ያንቺ ጉዳይ አይደለም፣ የሰው ሥራ ነው። ጠበል ይዤ ትቶኝ ነበር፤ እቤት ስገባ ተመለሰ።»

«ጠበሉ ጋ ክኒኑን ይወስዱ ነበር?»

«የለም፣ እቤት ትቼው ነበር» አለ ገበሬው።

ነርሷ ያ ክኒን ልብ እንደሚያስመታ፣ እጅ እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ሲበዛም ሰውን እንደሚያስፈራ ነገረችው። «ግን በራስዎ አይተዉት፤ አስም ይገድላል» ብላ ሐኪሙ ዘንድ አስገባችው፤ ሐኪሙም ክኒኑን በአፍ በሚሳብ መድኃኒት ለወጠለት።

ፍርሃቱ ለቀቀው። ይቅርታ ሊጠይቅ በጓሮ በኩል ወደ ቢያድግልኝ ቤት ሄደ። በረቱ ባዶ ነበር። የሚቀናጀው ያጣው ሰው በሬውን ሸጦ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዷል። ገበሬውን የተቀበለችው የቢያድግልኝ ሚስት ናት።

«ክሱን ላገር ተናግረህ፣ ይቅርታውን በጓሮ ይዘህ መጣህ?» አለችው።

ገበሬው ያን ክረምት መሬቱን በዓይኑ ብቻ አረሰ።

ይህን የነገርኩህ አንተም «ያለ ምክንያት እየፈራሁ ነው፤ ማንን ልጠርጥር?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው። ከተቀመጥክ ጀምሮ ኪስህ ውስጥ የክኒን ብልቃጥ ሲንኳኳ እሰማለሁ። ወደ ጎረቤትህ ደጅ ከመሄድህ በፊት ብልቃጡን ይዘህ ወደ ሰጠህ ሰው ሂድ፤ ሕመምህንም ፍርሃትህንም ለአንድ ጆሮ ንገር። ምናልባት ክኒኑ ነው፣ ምናልባትም አይደለም። ግን እሱን አስቀድም፤ ክኒን ቢጠረጠር የሚጠፋ ስም የለውም፣ የሚሸጥ በሬ የለውም፣ ቢያጠፋም ይለወጣል። ቢያድግልኝ ግን እስካሁን አልተመለሰም።