ብርድ ያሉት እንግዳ

አንድ መራጊ ነበረ፤ ስሙ ተድላ ነው። የሚኖረው ጉም በማይለያት የተራራ ላይ ከተማ ነበር። እዚያ አገር ጉሙ እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ ቤት ይገባል። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚተዋወቀው በድምፁ ነው፤ ፊቱ ኋላ ይመጣል። ማለዳውና ምሽቱ ስለሚመሳሰል የከተማው ሰው የሆነውን ነገር በሕልሙ አይቶት ይሁን በእውኑ ብዙ ጊዜ ይምታታበታል።

በዚያች ከተማ አንድ ክፉ በሽታ ነበር። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚጠራው ግን የለም። ሰው ሲያስል “ብርድ ነው” ይላሉ። ከስቶ ልብሱ ሲሰፋውም “ብርድ ነው” ይላሉ። መሐረቡ ላይ ደም ሲታይ መሐረቡን ቶሎ አጥፈው “ክፉ ብርድ ነው” ይላሉ። ሲሞትም ለቀስተኛው “ምን አገኘው?” ብሎ ሲጠይቅ “ብርድ መትቶት” ይባላል። አንድ ደፋር እውነተኛውን ስም ሊያወጣ አፉን ከከፈተ “ስሙን ቄስ ይጥራው!” ብለው ያስቆሙታል። ቄሱ ሲጠየቁ ደግሞ “እኔስ ምን በወጣኝ፤ ሐኪም ይጥራው” ይላሉ። ሐኪሙ የሚኖሩት ከከተማው ሽቅብ፣ ከጉሙ በላይ ነው። ወደ እሳቸው መውጣት ግን “ያ ነገር ይዞኛል” ብሎ እንደማወጅ ስለሚቆጠር ማንም አይወጣም ነበር።

ስም ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። በሽታው ብርድ ከተባለ መድኃኒቱ ሙቀት መሆኑ ነው። ስለዚህ መስኮት ሁሉ ይደፈን ተባለ። የሚያስል ሰው ባለበት ቤት ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በሽተኛውን መካከል አስቀምጦ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደራርቦ ያሞቀዋል። ይህን ልማድ “ማሞቅ” ይሉታል። ለማሞቅ ያልመጣ ጎረቤት ለቅሶ እንደቀረ ሰው ይታማል። ደግ ሰዎች ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር የፈጃቸውም ይኸው ደግነታቸው ነው።

ተድላ መስኮት በመድፈን የታወቀ ነበር። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ሲመርግ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አያስቀርም። “ተድላ የደፈነውን መስኮት ብርድ ቀርቶ ጸሎትም አያልፈው” እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱም በልቡ ይኮራል። ሳይደፍን የተወው የአንድ ቤት መስኮት ብቻ ነበር፤ የገዛ ቤቱን። ሚስቱ አንጓች ያንን መስኮት ትወደዋለች። እዚያ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ጉሙ አልፎ አልፎ ሲገለጥ ማዶ ካለው ገደል ላይ ፀሐይ ስታርፍ ታያለች። “እስኪ ይቺን እንኳ ተዋት” ትለዋለች፤ ይተውላታል።

ከዚያ አንጓች ማሳል ጀመረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ መንደሩ ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ተድላ ገና “ጉሙ ነው” ይል ነበር። እንዝርቱ ከእጇ እየወደቀ ሲያስቸግራት ግን ፈራ። ከእሷ ሌላ ማንም አልነበረውም። ወጥቶ ጭቃ አቦካ።

“ተድላዬ፣ መስኮቴን?” አለችው።

“ብርድ ነው፣ አንጓች። እስኪሻልሽ ብቻ።”

እንዝርቷን አስቀምጣ ከመስኮቱ ሥር ተነሣች። እሱም ፊቷን ላለማየት ጀርባውን ሰጥቷት መረገው።

ጎረቤቱ ለማሞቅ መጣ። ቤቱ ጢም አለ፤ እሳቱ ተቀጣጠለ፤ ትንፋሽ ከትንፋሽ ተደባለቀ። ከሁሉ የበለጠ የተጉት እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ጎረቤት ናቸው። የራሳቸውን ጋቢ አልብሰዋት፣ ደረቷን በደረታቸው አቅፈው ነበር የሚውሉት። አንጓች ግን ከቀን ወደ ቀን መነመነች። ከሰነበተ በኋላ እትዬ ደብሪቱም ማሳል ጀመሩ።

አንድ ቀን አሟቂዎቹ ወጡና ቤቱ ጭር አለ። ጉሙ በበሩ ሥር ገባ። ተድላ ደክሞት ግድግዳውን ተደግፎ ሳለ፣ ነቅቶ ይሁን አንቀላፍቶ እንጃ፣ አንድ ሰው ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አየ። ቀጭን ሰው ነው፤ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቧል። እግሩን ወደ እሳቱ ዘርግቶ እንደ ቤተኛ ተመቻችቷል።

“ማሞቁ አልቋል እኮ። አንተ ማነህ?” አለው ተድላ።

“ብርድ ነኝ። እንደዚያ አይደል የምትሉኝ?” አለ እንግዳው በለስላሳ ድምፅ።

ተድላ ትንሽ አሰበና፣ “ብርድ ከሆንክ እሳት አጠገብ ምን ትሠራለህ?” አለው።

እንግዳው ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። “በዚህ ከተማ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም” አለ። “ብርድን የት አውቄው! እኔስ የምጠላው ነፋስና ፀሐይ ነው። ድሮማ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው የሚወጣው ነፋስ መቀመጫ ያሳጣኝ ነበር። ኋላ እናንተ ብርድ አላችሁኝ። መስኮቱን ዘጋችሁልኝ፤ ሰዉንም ሰብስባችሁ ፊት ለፊት አስቀመጣችሁልኝ። ካንዱ ወደ ሌላው ስሄድ ብድግ ማለት እንኳ አላስፈለገኝም። ጭቃህ ደግሞ ግሩም ነው፤ እጅህ ይባረክ።”

ተድላ እጁን አየ። ጥፍሩ ሥር የደረቀ ጭቃ ነበር።

“ስምህ ማን ነው?”

“ታውቀዋለህ። እናትህን ስወስድ አልጋው ጫፍ ተቀምጠህ አልነበር? ያኔም አውቀኸው ነበር።”

ተድላ ዕድሜ ልኩን ጉሮሮው ላይ የያዘውን ስም አወጣው። “የሳንባ ነቀርሳ!” አለ ጮክ ብሎ። ቀና ሲል ምድጃው አጠገብ ማንም የለም። አንጓች ግን ነቅታ ታየዋለች።

“ጠራኸው” አለች።

“ጠራሁት። ይቅር በይኝ።”

“እኔም ካወቅሁት ቆየሁ” አለችና አለቀሰች። “ስሙን ከሰማህ ትሸሸኛለህ ብዬ ነው የደበቅሁህ።”

“እኔ ደግሞ ስሙን ከሰማሽ ተስፋ ትቆርጫለሽ ብዬ።”

ተቃቅፈው አለቀሱ። ሁለቱም ስለሚዋደዱ ነው የተዋሹት፤ በሽታውም በሁለቱ መካከል ተመቻችቶ ከርሟል። ተድላ ተነሣና ዶማውን አምጥቶ የደፈነውን መስኮት ናደው። ነፋሱ ገባ፤ አመዱን በተነው።

በማግሥቱ አዝሏት ሽቅብ ወጣ። በእትዬ ደብሪቱ ደጅ ሲያልፍ ቆመ።

“እትዬ ደብሪቱ፣ እርስዎም ይምጡ፤ አብረን እንሂድ። ይህ እኮ የሳንባ ነቀርሳ ነው።”

“በስመ አብ! ስሙን ቄስ ይጥራው!” አሉና አማተቡ። “እኔን ትንሽ ብርድ ነው የመታኝ፣ ልጄ። ይልቅ አንተ የሰው ስም አታጥፋ።” ቢለምናቸው በሩን ዘጉበት።

ከጉሙ በላይ ሲደርሱ ሐኪሙን አገኙ። አንጓች ራሷ ስሙን ጠርታ ነገረቻቸው። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጠው “መድኃኒት አለው” ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ጌታዬ፣ መድኃኒቱ ካለ ሕዝቡ ሲያልቅ ለምን ዝም አሉ?” አላቸው ተድላ።

“ደጃፋችሁ ድረስ ወርጄ ነበር እኮ። ‘እኛ ዘንድ ብርድ እንጂ ሌላ የለም’ ብላችሁ መለሳችሁኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ስትሉ ትውላላችሁ፤ የምትሉት ለሌላው ነው እንዴ?”

መድኃኒቱን ሰጧት። መራራ ነው፤ ጊዜውም ረጅም ነው። “የሚሻልሽ ቀን ይመጣል። ያን ቀን ድኛለሁ ብለሽ እንዳታቋርጪው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው” አሏት። አንጓች ሳታቋርጥ ወሰደችው። ብዙ ከቆየ በኋላ እንዝርቷን አንሥታ መስኮቷ ሥር ተቀመጠች።

ተድላ ግን ዶማውን አላስቀመጠም። የመረጋቸውን መስኮቶች አንድ በአንድ ሊከፍት ከቤት ቤት ዞረ። “አበደ!” ያሉት ነበሩ፤ ውሻ የለቀቁበትም ነበሩ። አንጓች ድና ስትፈትል ያዩ ግን ቀስ በቀስ በራቸውን ከፈቱለት። እያሳሉ ሽቅብ የወጡም ተበራከቱ። በመጨረሻ እትዬ ደብሪቱ ቤት ደረሰ። መስኮቱን ሲንደው ፀሐይዋ ገብታ ባዶ አልጋ ላይ አረፈች። አልጋው ላይ አንጓችን ሲያሞቁበት የነበረው ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል። ተድላ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከጎኑ ያለፈ አንድ መንገደኛ “እትዬ ደብሪቱ ምን አግኝቷቸው ሞቱ?” ብሎ ጠየቀው። ተድላ እንባውን ጠርጎ የበሽታውን ስም ጠራለት።

ወገኖቼ፣ በሽታ ምንጭ አለው፤ ምንጩን የሚያሳየን ደግሞ ትክክለኛ ስሙ ነው። በሐሰት ስም ከጠራነው ለሐሰቱ መድኃኒት ስንፈልግ እንከርማለን፤ እንዲያውም ለበሽታው ቤት እንሠራለታለን። በሽተኛውን መውደድ ከእውነቱ መደበቅ አይደለም፤ እውነቱን ነግሮ አዝሎ መውጣት ነው።

እስቲ አሁን ዙሪያችሁን ተመልከቱ። እናንተስ ቤት “ብርድ ነው” ተብሎ እሳት ዳር የተቀመጠ እንግዳ የለም?