ድልድዩ ላይ የተንጠለጠለው ከርከሮ

ተረት ተረት! እናንተ መልሱልኝ፣ እኔ ልቀጥል።

አንዲት ታታሪ ጦጣ ወንዝ ላይ የሐረግ ድልድይ ሠርታ «የፈለገ ሁሉ በነጻ ይሻገር» አለች። እንስሳቱም እየዘፈኑ ተሻገሩበት። አንድ ቀን ተሳዳቢው ከርከሮ ሲሻገር ሐረግ ተበጠሰና በቀዳዳው ሾልኮ በፊት እግሮቹ ተንጠለጠለ።

«አንቺ እጀ ቆልማማ! ይሄ ድልድይ ነው ወንፊት?» ብሎ ጮኸ።

ልትረዳው እየሮጠች የነበረችው ጦጣ ይህን ስትሰማ ቀጥ አለች። «ካልተመቸህ ዋኝ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ጫጩቶቿን አስከትላ ተራዋን የምትጠብቀው ቆቅ ግን ተጨነቀች። «እሜቴ ጦጢት፣ ስድቡ ያስቀይማል፤ ቀዳዳው ግን እውነት ነው፣ ልጆቼ ይወድቁብኛል። አንተም ጋሼ ከርከሮ፣ የተበላሸውን ብቻ ንገራት» አለች።

ከርከሮ ጦጣን «አንቺ ደነ...» ብሎ ሲጀምር ሌላ ሐረግ ቷ አለ። «ደ... ደግ እመቤት! በግራ በኩል ያለው ሐረግ በስብሷል፤ እባክሽ!»

ጦጣ ሳቋ አመለጣት። እየሳቀች ጎትታ አወጣችው። ሐረጉን ስትነካው ግን እጇ ላይ ፍርፍር አለ። ዞር ብላ ጫጩቶቹን አየችና ደነገጠች። ወዲያው አዲስ ሐረግ አምጥታ «እስካስረው ጫፉን በጥርስህ ያዝልኝ» አለችው።

ከርከሮም ነክሶ ያዘ። ቋጠሮው የላላ ሲመስለው «እምም!» እያለ በዓይኑ ያሳያታል፤ እሷም «እሺ ጋሼ» እያለች ታጠብቃለች። ሥራው አልቆ ጫጩቶቹ እየጨፈሩ ሲሻገሩ ከርከሮ አሁንም ሐረጉን እንደነከሰ ነበር። ጦጣም «ልቀቀው» ለማለት አልቸኮለችም።