የዶቅማው በሽታ

ድሮ ነው። አገሩን አትጠይቁኝ፣ እኔም አልሄድኩበትም። ብቻ ፀሐይ መሬቱን የማታገኝበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር። እዚያ ደን ውስጥ፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ የዶቅማ ዛፍ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። የዶቅማ ፍሬ ጣፋጭ ነው፤ ግን ምላስ ያጠቁራል። ይሄን ከአራዊቱ ማንም አያውቅም፤ ዶቅማ ቀምሰው አያውቁማ!

መጀመሪያ የቀመሰው ጥጥዬ ነው፣ የእመት ጉሬዛ ልጅ። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ አይደል? ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ቀጥሎ የቀመሰው አያ ዝንጀሮ ነው። ያ ሆዳም! ጠግቦ ሲያበቃ ወንዙ ላይ ጎንበስ ብሎ ምላሱን አየና ሳቀ። «በቃ፣ ይሄ ዛፍ የኔ ብቻ ነው» አለ።

ሮጦ አራዊቱን ሰበሰበ። አንድ ጉንጩ አብጧል። «ጥርሴን አሞኛል» ይላል። ውሸቱን ነው፣ ዶቅማ ወትፎበት ነው።

«ጉድ ፈላ! ዶቅማው በሽታ አለበት። የበላው ምላሱ ይጠቁራል፤ ምላሱ የጠቆረ ደግሞ ሁላችንንም ይጨርሰናል። በሉ፣ ምላስ አውጡ!»

ከርከሮ አወጣ፤ ቀይ። «እለፍ!»

ድኩላ አወጣ፤ ቀይ። «እለፍ!»

ጥጥዬ አወጣ፤ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ።

«ይኸውላችሁ! ወንዙን ይሻገር!»

ከወንዙ ማዶ ያለው ነብር ነው።

«ኧረ በፈጠራችሁ!» አለች እመት ጉሬዛ። «ልጄ አላተኮሰው፣ አላሳለው፣ ምን አጠፋ?»

«አንቺም አብረሽው ሂጂ!» አላት ከርከሮ። ትናንት ከሾላው ላይ ፍሬ ስታወርድለት የዋለችውን! ፍርሃት እንዲህ ነው ልጆቼ፣ ጎረቤት አያውቅም። እናትየው ልጇን አቅፋ አለቀሰች።

ይሄኔ አባ ኤሊ ደረሰ፤ መቼም ሳይዘገይ አይደርስም። ነገሩን ሰማ፣ የዝንጀሮን ጉንጭ አየ። ከዚያም፦

«መሄዱ ካልቀረ ይሂድ። ግን ልጅ ሳይመረቅ ከአገሩ አይወጣም፣ ጦሱ ለኛ ይተርፋል። አያ ዝንጀሮ፣ በሽታውን ያወቅኸው አንተ ነህ፤ እትፍ በልና መርቀው» አለ።

«እኔ? ጥርሴን አሞኛል።»

«ምርቃት ምራቅ እንጂ ጥርስ አይፈልግም።»

«ኧረ ዝም ብሎ ይሂድ!»

«ሳይመረቅ?» ብለው አራዊቱ ጮኹ። «መርቅ! መርቅ!»

ዝንጀሮ ጨነቀው። ለይምሰል ትንሽ እትፍ ልበል ብሎ ከንፈሩን ፈልቀቅ ሲያደርግ የዶቅማው ጭማቂ ቱር ብሎ የጥጥዬን ነጭ ደረት አለበሰው። ከኋላውም ፍሬው ተንከባለለ።

«ምላስ አውጣ!» አለው ከርከሮ።

አወጣ፤ ከሰል።

«ታዲያ አንተን ለምን አልገደለህም?»

ዝንጀሮ እግሬ አውጪኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ኑሮው ገደል ለገደል ሆነ።

«እፎይ! ተመስገን!» አለች እመት ጉሬዛ፤ እየሳቀች አለቀሰች። ከርከሮም አቀርቅሮ ይቅርታ ለመናት። ከዚያ ሁሉም ዶቅማው ሥር ሰፈሩ፤ ሲመሽ በዚያ ደን ምላሱ ቀይ የሆነ አንድም አልተገኘም።

ለዚህ ነው አበው፦ «የራሱን አፍ ሳይጉመጠመጥ፣ የሰው ምላስ ሊገላምጥ» የሚሉት።