ጷጉሜ የሌለችበት ቢሮ

አቶ ልሳነወርቅ የወረዳው የልደት ምዝገባ ኃላፊ በሆነ ማግስት የቀን ማስሊያ ፕሮግራም በገዛ እጁ ጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ። ከዚያ ወዲህ ባለጉዳይን ቀና ብሎ ማየት ተወ።

አንድ ቀን ትርንጎ የምትባል ጎመን ሻጭ ትናንት ዓመት የሞላትን ልጇን አዝላ የልደት ምስክር ወረቀት ልታወጣላት መጣች። ልጅቷ የተወለደችው ጷጉሜ ሦስት ነበር። አቶ ልሳነወርቅ ቀኑን ሲያስገባ ፕሮግራሙ አልቀበል አለው፤ ሲጽፈው አሥራ ሁለት ወር ብቻ እንዲቆጥር አድርጎት ኖሯል። ጥፋቱን ግን በእናቲቱ ላይ አዞረው።

«ነሐሴ ሠላሳ ወለድኩ በይ» አላት።

«ጌታዬ፣ ያማጥኩት እኔ ነኝ፤ ቀኑን አልረሳሁትም። እርስዎ ፕሮግራሙን ቢያስተካክሉትስ?»

«እኔ የሠራሁት እርማት አያስፈልገውም። ይህ ኮምፒውተር የማያውቀው ቀን እዚህ ቢሮ ውስጥ ቀን አይባልም። ወይ ቀኑን ቀይሪ፣ ወይ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያይ ጀመር። ትርንጎ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ጷጉሜ አራት» አለ ሳያስበው።

«እንግዲያው ዛሬ ቀን አይደለም። ቀን ካልሆነ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ኃላፊም የለም። መስከረም እስኪጠባ አንተም እንደኔው መንገደኛ ነህ። በል ልጅ አዝያለሁና ወንበሩን ልቀቅልኝ።»

ሰልፈኛው በሳቅ ሲያውካካ አቶ ልሳነወርቅ ሊያስወጣት ብድግ አለ።

ትርንጎም «እግዜር ይስጥህ» ብላው ተቀመጠች።